የእድራችን ገጽ ጓዳ

ድረ ገጽ መዋሸትን የተማረው ከሰው ነው! ልዩነቱ፣ ሰው ሲዋሽ ዓይኑ ይሸሻል፤ ድረ ገጽ ግን በአበባ ሥዕል ተከቦ፣ ዓይናችሁን እያየ ይዋሻል።

የሱሉልታው እድራችን፣ የዘመኑ ነገር ሆኖ፣ ገጽ አለው። የሠራው የጸሐፊያችን የአሰለፈች ልጅ ነው። አንድ ቀን ከፍቼ ባይ ምን ተጽፏል? «መሥራች፦ ወይዘሮ አሰለፈች።» ብቻዋን! እናንተዬ፣ እድሩ ሲቋቋም የድንኳኑን ብረት ከአዲስ አበባ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ፣ እንጦጦን እስክናልፍ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ስጠብቅ የመጣሁት እኔ! እሷ ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ነበር። የአሰለፈች ጉንፋን ሥራ ያለበትን ቀን ያውቃል…

የእህቴ ልጅ ሐና አዲስ አበባ እየተመላለሰች ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች። «አክስቴ፣ የገጽን ጓዳ የሚያሳዩ መሣሪያዎች አሉ» አለችኝ። «አንዱ አድራሻውን ማን እንዳስመዘገበው ይናገራል። ሌላው ገጹ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ያወጣል።»

«የተሰረዘውንም?»

«የተሰረዘውንም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበር!»

የገጹን አድራሻ ስታስገባ ቀኖች ተደረደሩ። የመጀመሪያውን ነካችው… «መሥራቾች፦ ወይዘሮ የሺ እና ወይዘሮ አሰለፈች።» እኔ ፊት፣ እሷ ኋላ! እልልታዬን ጎረቤት እንዳይሰማ ዋጥኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! ሐና አትማ ሰጠችኝና «ቀጥሎ ያለውንም እንየው?» አለች። «በቃኝ!» አልኳት። ይቺን «በቃኝ» ያዙልኝ።

እሁድ ስብሰባ ላይ ወረቀቴን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። «ስሜን የሰረዘው ማን ነው?»

አሰለፈች አልደነገጠችም። ስልኳን አወጣች። «የሺዬ፣ ያንቺን መሣሪያ የኔም ልጅ ያውቀዋል። ቀጥሎ ያለውን ላንብብልሽ?» አነበበችም። «ስሜ ከእናንተ ስም ጋር ዳግመኛ እንዳይነሣ። ብሞትም አንዳችሁም እንዳትቀብሩኝ። የሺ።» ደብዳቤዬ ከነፊርማዬ፣ ፎቶ ተነሥቶ ገጹ ላይ ተለጥፎ ኖሯል!

ለካ በድንኳኑ ቀለም የተጣላን ጊዜ የጻፍኩት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌ ልኬ ተመልሻለሁ፤ ታዲያ ማን ይቅበረኝ? ደብዳቤውን ግን ረስቼዋለሁ። ወጊዋ እኔ ኖሬያለሁ!

ዳኛችን ኦቦ ቶሎሳ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። «ሂን ኣሪና፣ አይናደዱ ወይዘሮ የሺ። መቀበሩን መልሰንልዎታል። መሥራችነቱ ግን የተሰረዘው በጽሑፍ ነው፤ በጽሑፍ ይጠይቁን። ማመልከቻዎ ገጹ ላይ ይለጠፋል፣ ደንባችን ነው።»

«ይለጠፋል እንጂ!» አለች አሰለፈች፣ ፊቷ በርቶ። ስለምን አይበራ? የሺ ስትለምን አገር ሊያይላት ነው።

ጻፍኩ። ስድስት ገጽ! ብረቱን፣ ጣሪያውን፣ እንጦጦን፣ ከዚያም የአሰለፈችን ጉንፋን፣ አንድ በአንድ፣ ከነቀኑ። ደንብ ነውና ለጠፉት። ያኔውኑ ሐና ጋ ደወልኩ።

«ያ መሣሪያሽ ይሄንን እንዳለ እንዲያስቀምጠው ማድረግ ይቻላል?»

«አንድ መጫን ነው አክስቴ።»

«ተጫኚዋ! ያቺ ሴትዮ ሳትደርስበት!»

አልተሳሳትኩም። በማግሥቱ ማመልከቻዬ ከገጹ ላይ የለም። ስሜ ግን ተመልሷል፤ ከአሰለፈች ኋላ፣ በትንሽ ፊደል። ግድ የለም፣ ትቅደም። ጉንፋኗ ለልጅ ልጅ ተቀምጦላታል።