የጋሽ ይገዙ መንኮራኩር

ሐበሻ ባለበት ሰፈር ሁሉ ሳይጠየቅ የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። ከዋሽንግተን አጠገብ ላለነው ለእኛ ለላንግሊ ፓርኮች የደረሱን ክቡር ጋሽ ይገዙ ነበሩ፤ በደመወዝ የሕንፃችን ጥገና ሠራተኛ፣ በራሳቸው ሹመት የጠፈር መንኮራኩር ዋና መሐንዲስ።

«መንኮራኩሯ አትጣልም፤ ትታደሳለች!» ይሉናል። ከጠፈር በተመለሰች ቁጥር፣ ከእሳት የሚከላከሏትን ሃያ ምናምን ሺህ የሴራሚክ ጡቦች ሠራተኞቿ አንድ በአንድ ይመረምሩላታል። ስታርፍ ሞተሯ አይሠራም፤ ከሳተች ዞራ መሞከር አትችልም። ይህን ሁሉ የሰማነው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነው።

ጣጣው የመጣው ትምህርቱን ወደ አሮጌዋ ቶዮታቸው ሲያወርዱት ነው። እሑድ እሑድ እኔንና ጎረቤታችንን እትዬ ተናኘን አሌክሳንድሪያ ወዳለው ቸርች ይወስዱናል። ከመነሳታችን በፊት ግን ጎማው፣ ዘይቱ፣ መብራቱ፣ የራዲያተሩ ውሃ ከወረቀት እየተነበበ ይታያል።

«ኧረ መዝሙሩ አለቀ!» ይላሉ እትዬ ተናኘ።

«ሆልድ ላይ ነን» ይላሉ ጋሽ ይገዙ፣ የመንኮራኩር መነሻ ቆጠራ ለምርመራ እንዳስቆመ ሰው።

መንኮራኩሯ ስትነሳ ለማየት ሁለት ጊዜ ፍሎሪዳ ድረስ ነድተው፣ ሁለቴም በረራው ተሰርዞ ተመልሰዋል። ስንስቅባቸው «ደግ አደረጉ! ያልተረጋገጠ ነገር አይነሳም» አሉን።

ኤፕሪል 2012 ላይ ከመንኮራኩሮቹ አንዷ ጡረታ ወጥታ፣ በትልቅ አውሮፕላን ጀርባ ወደ ሙዚየም ስትሄድ በዋሽንግተን ላይ እንደምታልፍ ተነገረ። የመጨረሻ ዕድላቸው ነበር። አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር ሆነው ሊያዩዋት ከሥራ ኦፍ ወስደው፣ ከረባት አስረው፣ በጠዋት በሬን አንኳኩ።

«ቼክ አናደርግም እንዴ?» ብላቸው «ተወው፣ ግባ!» አሉኝ።

ኒው ሃምፕሻየር አቬኑን ሳንጨርስ መኪናዋ ጨሰች። ራዲያተሩ ጠብታ ውሃ አልነበረውም። ጎታች መኪና መጥቶ ቶዮታዋን ሲጭን፣ ጋሽ ይገዙ ሰዓታቸውን ከማየት በቀር ለሹፌሩ አንድም ነገር አላስረዱትም። ሳያስረዱ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው፤ አንጀቴን በሉት።

ድንገት ሰማዩ አጉረመረመ። አውሮፕላኑ ከዛፎቹ በላይ ዝቅ ብሎ መጣ፤ ጀርባው ላይ እሷ አለች።

«ጋሽ ይገዙ፣ ቀና ይበሉ!» ብዬ ጮህኩ።

ኮፍያቸውን አወለቁ። እንባቸው እስከ ከረባታቸው ወረደ። እስክትርቅ አይተው ወደ ተጫነችው ቶዮታቸው ዞሩና «አየህ? እሷም ታዝላ ነው የምትሄደው» አሉኝ።

ወደ ልጃቸው ሚኒሶታ ከሄዱ ዓመታት አለፉ። ናፍቀውኛል። ባለቤቴ ስሂን «አረፈድን እኮ!» እያለችኝ የራዲያተር ውሃ አያለሁ። ለቅሶ ቤት ስገባም፣ ስለ ጡቦቹ የሚያስረዳኝ ሰው በዓይኔ እፈልጋለሁ።