ኖታና ሲባጎ

ገበሬ የማያውቀው ዘር ሲሰጡት ጓሮው ላይ ትንሽ ዘርቶ ያየዋል። ሐኪም የማያውቀው በሽታ ሲገጥመው ወረቀት ጽፎ ወደ ሌላ ሐኪም ይልካል። አስተማሪ ግን የማያውቀውን ነገር ሲሰማ «ዝም በሉ!» ይላል። ይህን የምለው የሥራ ባልደረቦቼን ለማማት አይደለም። ራሴን ነው የማማው፤ ራስን ማማት ደግሞ ንስሐ አያስገባም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙዚቃ አስተማርኩ። እዚሁ ጎንደር፣ ከቁስቋም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትምህርት ቤት። ያለን የሙዚቃ መሣሪያ አንድ አኮርዲዮን ነው። እሱም ዕድሜ ተጭኖት ሦስት ቁልፎቹ አይጮኹም፤ ስለዚህ በእኔ እጅ ያለፈ ተማሪ ሁሉ «ፋ» የሚባል ድምፅ በዓለም ላይ መኖሩን የሚያውቀው በወሬ ነው። የቀረውን በጠመኔ እሞላዋለሁ። አምስት መስመር አሰምራለሁ፣ ኖታዎቹን እሰቅላለሁ፣ ስልሳው ተማሪ ይገለብጣል፣ ከዚያ እፈትናለሁ። ድምፅ የሌለው የሙዚቃ ትምህርት! ሥዕል አይሉት፣ ሒሳብ አይሉት።

ከተማሪዎቼ መካከል አንጓች የምትባል ነበረች። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ካለ ቀበሌ መጥታ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥረኛ ክፍል ልጅ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። ስም ስጠራ እንኳ እጇን ነው የምታወጣው። በኖታ ፈተናዬ ከአሥር ሦስት አገኘች። «ሩብ ኖታ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሰጠችው መልስ «እጀታ ያለው፣ ያረረ እንቁላል» የሚል ነበር። ዜሮ ሰጠኋት። ሰሌዳው ላይ ያለውን ለሚያይ ሰው ግን፣ እውነቴን ነው፣ ሌላ ምን ይመስላል?

አንድ ከሰዓት በኋላ ዘገየሁ። በኮሪደሩ ስመጣ ከክፍሌ ውስጥ የሚወጣ ድምፅ ሰማሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ዴስክ ይደበደባል። በዘፈቀደ አይደለም፤ አንዱ ረድፍ ከባዱን ምት ይመታል፣ ሌላው ቀላሉን ይመልሳል። በላዩ ላይ አንድ ልጅ በከንፈሩና በጉሮሮው ከበሮ ይሠራል። ኋላ እንዳወቅኩት ሄኖክ ነው፤ በእሑድ ዲያቆን፣ በሰኞ የሂሳብ ችግረኛ። (ለመሆኑ ከቤተ ክርስቲያን ነው የተማርከው ብዬ ስጠይቀው ደነገጠ። «ያኛውማ ሌላ ነው ቲቸር፣ ያ ምስጋና ነው፤ ይህ ጨዋታ ነው» አለኝ። ልጅ ሆኖ ድንበር ያውቃል።) በዚያ ሁሉ ምት ላይ የአንዲት ሴት ልጅ ድምፅ፣ ሳይዘፍን፣ ሳያነብም፣ በመካከል ሆኖ፣ ስለ ሚኒባስ ጉዞ እያወራ፣ ይሮጣል፦

አሥራ ሁለት ለወንበር፣ አምስቱ ለበር፤
ረዳቱ «ጠጋ በይ» ይለኛል፣ ወዴት ልብረር?

ቀጥሎ የመጣው ነው ያስደነገጠኝ። ሁሉም ዝም አሉ። ዴስኩም፣ የሄኖክ ጉሮሮም፣ ልጅቷም። አንድ ምት ሙሉ። ከዚያ ስልሳው በአንድ ጊዜ ተመለሱ። ሙዚቃ ውስጥ «እረፍት» የሚባል ምልክት አለ፤ ሦስት ሳምንት አስተምሬው ማንም አልገባውም ብዬ አዝን ነበር። እዚያ በር ላይ ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ለማን? ለእኔ! ጠጉሬ ቆመ። የመነነ ሰው መልአክ ሲያይ እንዲህ ይሆን ይሆናል።

መልአክ ያየ ሰው ምን ያደርጋል? ይንበረከካል። እኔ ግን በሩን በርግጄ «ዝም በሉ!» አልኩ።

ያቺን ሴት ልጅ ቁሚ ስል አንጓች ተነሣች። ይህ ሙዚቃ ሳይሆን ጩኸት መሆኑን፣ ትምህርት ቤት የሚኒባስ መናኸሪያ አለመሆኑን፣ ብዙ ብዙ ነገር ተናገርኩ። ስጨርስ ልጅቷ መሬት መሬት እያየች፣

«እርስዎ ያስተማሩን እኮ ነው፣ ቲቸር» አለች።

«እኔ?»

«በሁለት ቋሚ መስመር መካከል አራት ሩብ ኖታ ይገባል አላሉንም?» አለችና በመዳፏ ዴስኩን መታች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቃሉን በላዩ ላይ ነው የማስቀምጠው። በሁለተኛው ዙር አራተኛው ላይ እረፍት አለ። እርስዎ ሲሥሉት የታጠፈ ጅራት የሚመስለው።»

ያስተማርኩትን አንድም ሳታስቀር ታውቀዋለች። የማታውቀው ስሙን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ስሙን ብቻ ነበር የማውቀው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ እኔን አይተው መሆን አለበት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠምጥሜ ኖርኩ።

በማግሥቱ ጠመኔውን ትቼ ገባሁና እስቲ አስረዱኝ አልኳቸው። አስረዱኝ! ስልሳ አስተማሪ በአንድ ክፍል አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚሠሩት ሂፕሆፕ እንደሚባል፣ እሱም ራፕ፣ ማለትም ምት ላይ የሚሮጠው ግጥም፣ ብቻ እንዳልሆነ፣ ጭፈራውም፣ ግድግዳ ላይ የሚጻፈው ሥዕልም፣ ክብ ሠርቶ ተራ በተራ መሃል መግባቱም ሁሉ አንድ ላይ መሆኑን ነገሩኝ። ሲጀመርም በሩቅ አገር ከተማ፣ መሣሪያ የሚገዛላቸው ያጡ የድሃ ሰፈር ልጆች የሸክላ ማጫወቻውን ራሱን የሙዚቃ መሣሪያ አድርገውት ነው አሉኝ። ይህን ስሰማ ዓይኔ ወደ አኮርዲዮኔ ሄደ። እኛስ ዴስክ አለን።

ከዚያ ወዲያ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን ክብ ሠራን። ምቱን ይመታሉ፣ የመቱትን በኖታ ይጽፋሉ፣ የጻፉትን ሌላው ቡድን አንብቦ ይመታል። በአንድ ወር ውስጥ ኖታ የማያነብ ጠፋ። ለግጥሙ ደግሞ ሕግ አወጡ፤ ስድብ የለም፣ ክቡ ውስጥ በገባ ሰው አይሳቅም፣ በማያውቁት ነገር አይመካም። ይህችን የመጨረሻዋን ያወጣችው አንጓች ናት። ከድብ ባሕር ገደላማ ገጠር የመጣ አንድ ልጅ ጣሪያዋ ስለሚከፈት መኪናው አራት መስመር ይዞ መጣ። አንጓች በጣም በትሕትና «ድብ ባሕር ላይ በየትኛው መንገድ ነው የምትነዳት?» ብላ ጠየቀችው። በማግሥቱ ስለ አውድማና ስለ በሬዎች ጽፎ መጣ፤ የበሬው ኮቴ እህሉ ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን በምት አስገብቶት ክፍሉ ጉድ አለ። እኔማ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

ርዕሰ መምህሩ ግን በሌላ ምክንያት ነው እንቅልፍ ያጣው። ጠርቶኝ፣ ዴስክ ለመጻፊያ እንጂ ለመደብደቢያ እንዳልተሠራ፣ ኮፍያ ገልብጦ ማድረግ በደንባችን እንደማይፈቀድ፣ ከሁሉም በላይ የወላጆች ቀን እየደረሰ እንደሆነና ወላጅ ፊት እንዳላሳፍረው አስጠነቀቀኝ። ልጆቹ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩ ብዬ ለመንኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያለ ኮፍያ ከሆነ ብሎ ፈቀደ።

ወሬ ግን ከሚኒባስ ይፈጥናል። የወላጆች ቀን ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ግንባሩን ላብ አጥምቆት መጣ። የአንጓች አባት ከአምባ ጊዮርጊስ ገብተዋል፤ የመጡትም ለበዓሉ ሳይሆን ልጃቸውን ከነመኝታዋ ጠቅልለው ሊወስዱ ነው። አንድ የአገራቸው ሰው «ልጅህ ከተማ ገብታ አዝማሪ ሆነች፣ በሰው መሃል ቆማ ትለፈልፋለች» ብሎ ነግሯቸዋል። እኛ ደግሞ ታውቁናላችሁ። ያለ አዝማሪ ሰርግ አንደግስም፣ በግጥሙ እንቀልጣለን፣ ልጅህ አዝማሪ ሆነች ሲሉን ግን ሰማይ ይደፋብናል።

አባቷን፣ አያ ታከለን፣ አዳራሹ በር ላይ አገኘኋቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ፣ የደጋ ብርድ ፊታቸው ላይ የቀረ ሰው። ሰላምታዬን በአክብሮት መለሱና፣

«ምነው መምህር» አሉኝ፣ «እኔ ልጄን የሰጠኋችሁ ለትምህርት አልነበረም?»

ወደ አንጓች ሮጥኩ። ከመድረኩ ጀርባ ናት። ስምሽን ከፕሮግራሙ ላውጣው፣ አባትሽን ቀስ ብዬ ላናግራቸው አልኳት። ፈርታለች። ግን፣

«እሱ የሰማው ከሰው ነው፣ ቲቸር» አለች። «ከኔ ይስማ።»

ተራዋ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ርዕሰ መምህሩ ከተዋሳቸው ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች አንዱም አልተነፈሰም። ልጆቹ ግን መብራት መጥፋቱንም ያወቁት አልመሰለኝም። ሄኖክ በአፉ ጀመረ፣ ሦስት ዴስክ ተከተለው። አንጓች ወደ ፊት ወጣች። በእጇ ወረቀት የለም፤ የያዘችው የሲባጎ እስር ነው፣ ማዳበሪያ የሚታሰርበት ዓይነት ቁርጥራጭ ሲባጎ፣ ብዙ፣ በአንድ ላይ የተያዘ። ያን እያገላበጠች ጀመረች፦

አባቴ ፊደል አልቆጠረም፣ ደብዳቤ ግን ይልካል፤
ብዕር ባይዝ ጣቱ፣ ሲባጎ ይተካል።
አንድ ቋጠሮ ካሰረ፣ ቤቱ ደኅና አደረ፤
ሁለት የሆነ ’ለት፣ አንድ ነገር ነበረ።
ሰው ቋጠሮ ሲያይ ይፈታል፣ እኔ አስቀምጣለሁ፤
የአባቴን የእጅ ጽሑፍ በምን አንጀቴ እቆርጣለሁ?

እዚህ ላይ ያቺ እረፍት መጣች። ዴስኩም፣ ሄኖክም፣ አንጓችም ዝም አሉ። ምቱ እንደገና ሊገባ ይገባው ነበር፤ አልገባም። ልጆቹ ረሱት፣ ወይም አልደፈሩም። ያን የሚያህል ዝምታ ሰው በሞላበት ቤት ሰምቼ አላውቅም። ለካ አያ ታከለ በየቅዳሜው በማዳበሪያ ስንቅ አስረው በሚኒባስ ሲልኩላት፣ የሚልኩት በሶና ድርቆሽ ብቻ አልነበረም። እኔ እንቁላል እየሣልኩ ኖታ አንብቢ የምላት ልጅ፣ እቤቷ ቁጭ ብላ ቋጠሮ ስታነብ ነበር የኖረችው።

አያ ታከለ ከኋላ ተነሡ። ጋቢያቸው ከፊታቸው ወርዷል።

«ድገሚው» አሉ።

ደገመችው። በሁለተኛው ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ሲያበቃ በመቀመጫዎቹ መሃል አልፈው መጡና ሲባጎውን ከእጇ ተቀበሉ። አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይቺ የጥቅምቷ ናት» አሉ፣ ሁለት ቋጠሮ ያላትን ይዘው። «ላሚቱ የታመመች ጊዜ።»

«አዎ፣ አባዬ።»

ሲባጎውን አገላብጠው አዩና ፊታቸው በድንገት ተለወጠ። «ቆይ አንቺ! ካልፈታሽው ማዳበሪያውን በየት በኩል ነው የምትከፍችው?»

«በቂጡ በኩል» አለች አንጓች፣ አፈረች። «ስፌቱን እተረትረዋለሁ። ሲባጎውን ኋላ ነው፣ ሳልፈታው፣ ከአፉ ላይ አንሸራትቼ የማወጣው።»

«ለካ አንቺ ነሽ!» አሉ አያ ታከለ። «ባዶው ማዳበሪያ በተመለሰ ቁጥር ቂጡ ተቀዶ ይመጣል፤ እኔ በየሳምንቱ በወስፌ እሰፋለሁ። አይጥ ነው ብዬ ሁለት ድመት አስገባሁ እኮ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ርዕሰ መምህሩ እንኳ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ዓይኑንም ሲጠርግ አይቼዋለሁ፣ ከሳቁ ይሁን ከሌላው አልጠየቅኩትም። አያ ታከለም ሳቁ። እየሳቁም ልጃቸውን አንገቷን አቅፈው ራሷን ሳሟት። መኝታ የመጠቅለሉን ነገር ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አላነሣውም።

ሲወጡ በሩ ድረስ ሸኘኋቸው። አንጓችም አብራን ነበረች። አያ ታከለ ቆም ብለው በአድናቆት ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ።

«ይህን ሸጋ ነገር ያስተማሯት እርስዎ ነዎት?»

አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ግን ልጅቷ አጠገቤ ቆማለች። ደግሞም ያን ዝምታ ሰምቶ የሚዋሽ ሰው ይኖራል? አይ አያ ታከለ፣ አልኳቸው። እኔ አላስተማርኳትም። እንዲያውም አላውቀውም ነበር፤ ገና አሁን ከእሷ እየተማርኩ ነው።

ትንሽ አሰቡ። አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ትከሻዬን በዚያ ሲባጎ በሚቋጥረው እጃቸው ቸብ ቸብ አደረጉት። «አይዞዎት» አሉኝ፣ «ይለምዱታል።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር ወላጅ በዚህ በር ላይ ቆሞ «አደራ» ሲል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም፦

«በይ አንጓች፣ መምህርሽን አደራ።»