አቶ አስናቀው የነቀሉት ሶኬት

በዚህ ዓለም ላይ ያልተበላሸ ነገር ሊገኝ ይችላል፤ አዋቂ ያልተገኘለት ብልሽት ግን እስከ ዛሬ አልተሰማም። መኪና ይቁም፣ ወፍጮ ይንገራገጭ፣ ቧንቧ ይድረቅ፤ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አንድ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከአጠገቡ ይቆማል። አይጠራም፤ ይመጣል። አይጠግንም፤ ያስረዳል። ሲሳሳትም አይፀፀትም፤ የተሳሳተው ዕቃው ነዋ!

የመካነ ሰላም ከተማው አዋቂ ክቡር አቶ አስናቀው ይባላሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ጀነሬተር ጠግነው አያውቁም፤ የጀነሬተሩን ክፍል ቁልፍ ግን ዕድሜ ልካቸውን በወገባቸው ታጥቀው ኖረዋል። ዕውቀት በቁልፍ በኩል ወደ ሰው ይገባል ብሎ የሚያምን ካለ፣ ከእርሳቸው የበለጠ መሐንዲስ በአገሩ የለም። መፈክራቸውም አጭር ናት፦ «ቀላል ነገር ነው!»

በዚህች መፈክር ስንቱ ፈረሰ! አንድ ክረምት የወግዲ መንገድ ጭቃ የሹፌር ምንይችልን ሚኒባስ ሲይዝበት፣ አቶ አስናቀው ከተሳፋሪው ሁሉ ቀድመው ወረዱ። «ቀላል ነገር ነው! ወደ ኋላ ስጠው!» አሉ። ሰጠው። መኪናው ወደ ኋላ ሄደ፤ ቦይ ውስጥ ገብቶ እስኪጋደም ድረስ። ተሳፋሪው ወግዲ የገባው በእግሩ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ መንገዱን ሙሉ ምንይችል መሪ አያያዝ እንደማያውቅ እያስረዱ። የወፍጮ ቤቱን ሞተር ገመድ አዙረው ያሳሰሩ ዕለትም ሞተሩ ወደ ግራ ዞሮ እህሉን ወደ ላይ ተፋው። ባለወፍጮው ዛሬም ሲያያቸው በሩን ይዘጋል። «ይቀናብኛል» ይላሉ።

የሚወዱት መቀመጫ ግን የሀያት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ነው። ሀያት ከሪያድ ስትመለስ የሰው ቤት ማጽዳት በቃኝ ብላ የከፈተችው ሱቅ ነው፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ በርጩማ። በርጩማው የደንበኛ ነው ይባላል፤ የአቶ አስናቀው ነው። ኮምፒውተሩ ከቆመ ሱቁ የለም። ሱቁ ከሌለ ደግሞ ደላላው በየሳምንቱ እየደወለ «ቪዛው ዝግጁ ነው» የሚላት ሪያድ አለች። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ ቫይረሱን እያራገፈ ቢያስቸግራት፣ ደሴ ኮምፒውተር የሚያስተምረው የአክስቷ ልጅ አዩብ ዊንዶውሱን አጥፍቶ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ጫነላት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሰላም ነው፤ ሰላም ያጡት አቶ አስናቀው ናቸው። «በነፃ የመጣ ነገር!» ይላሉ። «በነፃ የሚገኘው ጉንፋን ነው።»

ሰሞኑን ኮምፒውተሩ ሥራ መሃል ድርቅ እያለ ሲያስቸግራት አዩብ በስልክ «ፈርምዌሩን አዘምኚው» አላት። ፈርምዌር ማለት ማሽኑ ሌላ ነገር ሁሉ ከመጀመሩ በፊት የሚላት ቢስሚላህ ናት፤ እርሷ ከተበላሸች ገበታው ቀርቦም የሚበላ የለም። ጊዜው ደግሞ የኮሌጅ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለሰኞ የሚጠባበቁበት ነበር፤ ጽሑፉ ሁሉ ያለው እዚያው ማሽን ውስጥ ነው።

ሐሙስ ቀን ትእዛዙን ሰጠች። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ፤ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ፤ ከሥሩ ኃይል እንዳይቋረጥ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። የዙሁር ሰላት ሰዓት ደርሶ ነበርና ሀያት ወደ ጓዳ ልትገባ ስትል ዞር አለች።

«ጋሼ፣ አደራዎን፣ እስኪጨርስ እንዳይነኩት።»

«ምን ነክቼ አውቃለሁ?» አሉ አቶ አስናቀው፣ ከልባቸው የተቀየሙ መስለው።

እዚህ ላይ የአገሩን ሕግ መናገር ግድ ነው። በመካነ ሰላም መብራት ቢጠፋ ማንም አይደነግጥም፤ የሚያስደነግጠው ሲርገበገብ ነው። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ተከትሎ የሚመጣው ኃይል ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም አንድ ላይ ያነዳል። ስለዚህ መንደሩ ሁሉ «ንቀሉ! ንቀሉ!» ይባባላል። ሮጦ የጎረቤቱን ሶኬት የነቀለ ሰው ይመረቃል፤ ዱዓ ይደረግለታል።

አምፖሉ ተርገበገበ። አቶ አስናቀውም እንደ ጥሩ ጎረቤት ዘለው ነቀሉት።

ሀያት ሰላቷን ጨርሳ ስትወጣ፣ ሶኬቱን እንደ ገደሉት እባብ አንጠልጥለው ጠበቋት። «እንኳን ደረስሁ! አተረፍሁልሽ!»

መልሳ ስትሰካው ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር። አጥፍታ አበራች፤ ጥቁር። ጎረቤቷ ሀጀራ ሰምታ መጣችና እንደ በሽተኛ ቤት ራሷን ነቅንቃ «አላህ ያሽርልሽ» ብላ ተቀመጠች። አቶ አስናቀው ደግሞ መድኃኒት ያዝዙ ጀመር፦ አቧራው ይራገፍ፣ ፀሐይ ይምታው፣ ትንሽ ይረፍ። «ድሮም ሊኑክሱ ነው! ብያለሁ!»

ሀያት አዩብ ጋ ደወለች፤ ድምፁ ለሁሉም ይሰማል።

«መሃል ላይ ኃይል ተቋርጧል» አለ አዩብ። «ማን ነቀለው?»

አቶ አስናቀው ጣሪያውን መመርመር ጀመሩ። ሀያት አየት አደረገቻቸው።

«መብራት ሄደብኝ» አለች።

አቶ አስናቀው ዓይናቸውን ከጣሪያው ወደ ጫማቸው አወረዱ።

«አብሽሪ» አለ አዩብ። «ጽሑፉ ደህና ነው፤ ያልተነሣው ማሽኑ ነው። የሚያድነውን ፋይል በፍላሽ አድርጌ ነገ በምንይችል መኪና እልክልሻለሁ። ሰክተሽ የምነግርሽን ቁልፎች ተጭነሽ ስታበሪው ራሱን መልሶ ይጽፋል። ግን ሀያትዬ፣ አሁንም መሃል ላይ ከተቋረጠ አለቀለት በይ። የማይቋረጥ ኃይል ፈልጊ።»

ስልኩን ዘጋች። «ሪያድ መብራት አይሄድም» አለች ቀስ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን።

በማግስቱ ምንይችል ፍላሹን ይዞ መጣ፤ አቶ አስናቀው ውስጥ ይኖራሉ ብሎ ፈርቶ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት አቀበላት። በከንቱ ነው የፈራው፤ በርጩማው ባዶ ነበር። ትንሽ ቆይተው ግን በጋሪ መጡ፤ ጋሪው ላይ የሶላር ባትሪያቸውና የባትሪውን ኃይል ወደ ሶኬት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር። ይህ እንደው ባትሪ አይደለም፤ የአቶ አስናቀው ሬዲዮ የሚሠራበት፣ ማለትም የመካነ ሰላም ዕውቀት ሁሉ የሚመነጭበት ነው።

«ከዚህ ላይ ሰኪው» አሉ አቀርቅረው። «እኔ አልነካም።»

ሀያት ኮምፒውተሩን ከባትሪው አገናኝታ፣ ፍላሹን ሰክታ፣ ቁልፎቹን ተጭና አበራችው። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ የፍላሹ መብራት ግን ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። አቶ አስናቀው ሁለቱንም እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከትተው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት በየትኛውም የትግል ጽሑፍ አልተመዘገበም።

የጣሪያው አምፖል ተርገበገበ። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ «ንቀሉ! ንቀሉ!» ተባለ። የአቶ አስናቀው ግራ እጅ ከጭናቸው ሥር አመለጠች፤ ቀኝ እጃቸው ሮጣ ያዘቻት። ወዲያው አምፖሉ ድርግም አለ፤ የወፍጮ ቤቱም ድምፅ ቀጥ አለ። ፍላሹ ብልጭ ብልጭ ማለቱን አልተወም።

«ያ አላህ» አለች ሀያት።

«እመብርሃን» አሉ አቶ አስናቀው ተከትለው።

ኮምፒውተሩ ራሱ ጠፋ፤ ራሱ ተነሣ። ስክሪኑ በራ፤ የተማሪዎቹ ጽሑፍ ሁሉ እንደነበረ አለ። ሀያት ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ስልኳ ጮኸ፤ ደላላው ነበር። አላነሣችውም።

«አላልሁሽም?» አሉ አቶ አስናቀው የደነዘዘ እጃቸውን እያፍታቱ። «ቀላል ነገር ነው!»

ባትሪው እዚያው ሱቅ ቀረ። ይውሰዱት ብትላቸው «ከቤቴ ማን አለና» ብለው ዘጓት። ሬዲዮአቸው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሆኖም በየማለዳው በርጩማቸው ላይ ተሰይመው የዓለምን ዜና አንዲት ሳያጓድሉ ያሰማሉ።

«ጋሼ፣ ሬዲዮ ሳይሰሙ ከየት ነው የሚያመጡት?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ቀላል ነገር ነው!» አሉና ዜናቸውን ቀጠሉ።

ሀያትም ድምፃቸውን እንዳይውጠው ማተሚያውን አቆመችው።