ዝሆንን አያት ያደረጉ ሽኮኮዎች

እንስሳት እንደ ሰው ለሹመት በሚሻሙበት፣ እንደ ሰውም በአባታቸው በሚያፍሩበት ዘመን ነው አሉ። በአንድ ገደል አፋፍ አያ ቋጥሬ የሚባል ሽኮኮ ከልጁ ከሳሪት ጋር ይኖር ነበር። ሳሪት ከገደሉ ማዶ ያለውን ጮሌ የሚባል ወጣት ሽኮኮ ወደደች። እሱም ወደዳት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሰባት ቤት ተቆጥሮ፣ ዝምድና እንደሌላቸው ታውቆ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ።

አያ ቋጥሬ ግን ጭንቀት ያዘው። የጮሌ አባት አያ ገደሌ ኩሩ ነው ሲባል ሰምቷል።

«የማን ዘር ነህ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? አባቴ ሽኮኮ፣ አያቴ ሽኮኮ!» አለ።

«እኛስ ሽኮኮ አይደለን እንዴ አባዬ?» አለች ሳሪት።

«ዝም በይ! አንቺ ክብር ምን እንደሆነ አይገባሽም።»

ተነሥቶ ወደ ዘር ቆጣሪው ወደ አለቃ ኤሊ ሄደ። አለቃ ኤሊ በዕድሜ ከሁሉም ስለሚበልጥ ዋሽተሃል የሚለው አልነበረም። የቀረበለትን ሁለት ጎመን አሽትቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«አራተኛ አያትህ ደጃዝማች ዝሆን ናቸው» አለው።

«ዝሆን?» አያ ቋጥሬ አጫጭር እግሮቹን አየ። «ትንሽ አንራራቅም?»

«ዘመን ያሳንሳል። ጥርስህን ግን እየው እስቲ።»

አያ ቋጥሬ ኩሬ ላይ ጎንበስ ብሎ ጥርሱን አየ። እውነትም ረዘም ብሎ ታየው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሮጥ ትቶ መሬቱን እየረገጠ ቀስ ብሎ ይሄድ ጀመር። «ደጃዝማች» ካላሉት ቢጠሩትም አይሰማም።

የሠርጉ ቀን እንግዳው ሁሉ ተሰበሰበ። ሽማግሌው ዝንጀሮ ሊመርቅ ሲነሣ አያ ቋጥሬ እጁን አነሣ።

«መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቆጠር!»

«ተቆጥሮ አለቀ እኮ» አለ ዝንጀሮ።

«በሕዝብ ፊት ይቆጠር!»

«እኔም ይህንኑ ልል ነበር» አለ አያ ገደሌ።

አያ ቋጥሬ ደረቱን ነፍቶ ቆጠረ፤ ቆጠረና «አራተኛ አያቴ ታላቁ ደጃዝማች ዝሆን!» ብሎ ጨረሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ገደሌ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ደጃዝማች ዝሆን የእኔ አራተኛ አያት ናቸው! አለቃ ኤሊን ጠይቁ!»

ዳር ላይ ይበላ የነበረው አለቃ ኤሊ አንገቱን ወደ ቅርፊቱ ሰበሰበ።

ዝንጀሮ ጢሙን አሻሸ። «እንግዲህ አራተኛ አያታችሁ አንድ ከሆነ ልጆቻችሁ እኅትና ወንድም ናቸው። አይጋቡም።»

ሳሪት አባቷ እግር ላይ ወደቀች። «አባዬ፣ በጎመን የገዛሁት አያት ነው በል! አንድ ቃል ብቻ!» ጮሌም የአባቱን እግር ይዞ ለመነ።

«እሱ ይተው» አለ አያ ቋጥሬ።

«የእኔው እውነተኛ ነው፤ እሱ ይተው» አለ አያ ገደሌ።

ሁለቱ ተፋጠጡ። ከዚያ አያ ቋጥሬ ፊቱ ፈካ። «ለካ እኛ ዘመዳሞች ነን!»

«ወንድሜ!» አለ አያ ገደሌ። ተቃቅፈው ተሳሳሙ። እንግዳውም የሠርጉን ድግስ ለዘመዳሞቹ መገናኘት በላው።

ጮሌ አንገቱን ደፍቶ ወደ ማዶ ተሻገረ። አያ ቋጥሬ አፉን እየጠራረገ ወደ ልጁ መጣ።

«አይዞሽ ልጄ። ባል ሌላ ይገኛል። እንዲህ ያለ አያት ግን ከየት ይመጣል?»

ሳሪት የሙሽራ አበባዋን ከራሷ ላይ አውርዳ መሬት እስክትነካ እጅ ነሣች።

«ልክ ነዎት ደጃዝማች» አለች። «እኔ ግን የአያ ቋጥሬ ልጅ ነኝ። ምናልባት እሱን ካገኙት፣ ልጅህ ፈልጋህ አጥታህ ሄደች ይበሉልኝ።»