ሳይጠራ የገባ ነጠላ ጫማ

ሰው በሌላ ሰው ጉዳይ ውስጥ ሳይጠራ መግባት ያለበት መቼ ነው? ይህን ጥያቄ ሰባት ዓመት ሙሉ ተሸክሜዋለሁ። ያሸከመኝ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዬ ነው። አሜሪካ በየአገሩ ጦር ስለማዝመቷ፣ ስለ ምክንያቱና ስለ ኪሳራው ሃያ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት። አሥሩ ገጽ ደጋፊ ነበር፣ አሥሩ ተቃዋሚ። እሱም ሁሉንም አንብቦ ሲያበቃ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ በቀይ ብዕር “አንቺስ?” ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ደግሞ አቋሜን ሲጠይቁኝ ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ የምጠይቅ ዓይነት ሰው ነኝ። ዓይናፋር ሰው አቋም የለውም ማለቴ አይደለም። አለው፤ ግን የሚመጣለት ባቡር ተሳፍሮ ሁለት ጣቢያ ካለፈ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለችውን ልጅ ዕጣዋ የት ጣላት መሰላችሁ? አውስትራሊያ፣ ሴንት አልባንስ የሚባል ሰፈር፣ የጋሼ ሉቃስና የእትዬ ጽጌ ቤት፣ የኋለኛዋ ክፍል ውስጥ። ጋሼ ሉቃስ ሰንሻይን ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ አረጋውያንን ይንከባከባሉ። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው የሚከራከሩበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አሜሪካ። እሁድ ከቸርች መልስ፣ ምሳው ገና ሳይነሳ፣ ጋሼ ሉቃስ አሜሪካን ሆነው ይቀመጣሉ፤ እትዬ ጽጌ የተቀረውን ዓለም ይሆናሉ።

“ሩዋንዳ ማን ገባ?” ይላሉ ጋሼ ጠረጴዛውን እየመቱ። “ማንም! ጉልበት ያለው ሰው ጎረቤቱ ሲታረድ መጋረጃ ይዘጋል?” እትዬም ሰላጣውን ወደ ራሳቸው ሳብ እያደረጉ፣ “ሩዋንዳ ያልገባኸው ራስህ ነህ። ኢራቅስ ማን ጠራህ? አለ ያልከውን መሣሪያ አገኘኸው? ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀው፣ ያ ሁሉ ወታደርህ እግሩን ጥሎ የተመለሰው ለምንድን ነው?” ይላሉ። ጋሼ አምባገነን ማውረዳቸውን ያስታውሳሉ። እትዬ በቦታው ማንን እንዳወጡ ይጠይቃሉ። ጋሼ ሲጨንቃቸው፣ “አውስትራሊያም እኮ አብራኝ ነበረች!” ይላሉ። “እሷማ የሄድክበት ሁሉ ቦርሳህን ተሸክማ ትከተልሃለች” ይላሉ እትዬ። ከዚያ ጋሼ ሳህን ያጥባሉ፣ እትዬ ያደርቃሉ፤ ዓለምም እስከሚቀጥለው እሁድ በሰላም ትኖራለች።

ይህን ሰላም ያደፈረስኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ የሚሰበሰበው የጸሎት ቡድናችን አንድ ደንብ አለው። ክብ ሠርተን እንቀመጥና እያንዳንዱ ሰው የጸሎት ርዕስ ይሰጣል። ምንም የለኝም ማለት አይቻልም፤ የለኝም ያለ ሰው ወይ ትዕቢተኛ ነው ወይ የሚደብቀው አለ። እኔ ሁልጊዜ የሥራ ማመልከቻዬን ይዤ እሄዳለሁ። የዚያን ቀን ግን ከጎኔ ያለችው ልጅ ቀድማኝ የራሷን የሥራ ማመልከቻ አስመዘገበች። ሁለት ማመልከቻ ተከታትሎ ሲመጣ ልመና አይመስልም? ሁሉም ሰው አየኝ። “የቤታችን... ማለቴ የጋሼ ሉቃስና የእትዬ ጽጌ ክርክር...” አልኩ። “ስለ አሜሪካ” የሚለው ገና ጉሮሮዬ ላይ ሳለ “ኦ ጌታ ሆይ!” የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ዓይኑን ጨፍኖ ለሚያለቅስ ሰው እርማት እንዴት ይሰጣል? እኔም ዓይኔን ጨፈንኩና “አሜን” አልኩ።

አስተውሉልኝ። አንድ ምንጭ፣ ያልተጣራ መረጃ፣ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር። ስንት ጦርነት ከዚህ ባነሰ ተጀምሯል!

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ መኮንንና ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ዌሪቢ ከሚባለው ሰፈር መጡ። የቸርቻችን የትዳር አስታራቂዎች ናቸው፤ የሐሙሱ የጸሎት ርዕስ ደርሷቸዋል። አልተጠሩም፣ አልደወሉም። ጋሼ መኮንን በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ከፌስታል ውስጥ የራሳቸውን ነጠላ ጫማ ሲያወጡ አየሁ። የራሱን ነጠላ ጫማ ይዞ የመጣ ሰው ለአንድ ሰዓት አልመጣም።

ጋሼ ሉቃስን ጋራዥ፣ እትዬ ጽጌን መኝታ ቤት አስገብተው ለየብቻ ጠየቋቸው። ሁለቱም “እኛ ሰላም ነን” አሉ። ጋሼ መኮንን ወደ እኔ ዞረው፣ “የሁለቱም መልስ አንድ መሆኑ ራሱ ያስፈራል” አሉኝ። ጠብ ከተገኘ ጠብ አለ፤ ካልተገኘ ደግሞ ተደብቋል። እንዲህ ያለ ፍለጋ ባዶ እጁን ተመልሶ ያውቃል? “እስቲ ወንድም ሉቃስ፣ ወደ ኋላ ሄደህ አስብ” ሲባሉ ጋሼ አሰቡ። የሚወዱት ቡናማ ኮት ከብዙ ዓመት በፊት ሳይጠየቁ ለአሮጌ ልብስ መሸጫ መሰጠቱ ትዝ አላቸው። እትዬ አስቴር የኮቱን ወሬ ይዘው መኝታ ቤት ገቡ። እዚያ ደግሞ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ የተቆረጠ የእትዬ ጽጌ የሎሚ ዛፍ ተገኘ። ሎሚው ወደ ጋራዥ ተላከ። ምሳ ሳይደርስ በዚያ ቤት ውስጥ እውነተኛ ጠብ ተነሳ። ጋሼ መኮንን ላባቸውን እየጠረጉ፣ “አላልኩሽም?” አሉኝ።

ማክሰኞም መጡ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም መጡ። ነጠላ ጫማው በራችን ላይ ቀረ። ቀጥሎ የጋሼ መኮንን የንባብ መነጽር ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሰፈረ፤ ከዚያ የደም ግፊት ኪኒናቸው ማቀዝቀዣው አናት ላይ። በሦስተኛው ሳምንት የስልክ ቻርጀራቸው ሳሎን ተሰካ። የሰው ቻርጀር ከተሰካ ወዲያ ያ ቦታ ጦር ሰፈር ነው። የዘመቻውን ዋጋ የከፈልነው ደግሞ እኛ ነን። እትዬ ጽጌ ሁለት ሺፍት ካንስል አደረጉ፣ ምስሩ አለቀ፣ ጋሼ ሉቃስ ፍራሽ ተሸክመው ጋራዥ ገቡ።

ከሁሉ የከፋው የእሁዱ ምሳ ነበር። ስለ አሜሪካ ማንም ትንፍሽ አላለም። የማንኪያ ድምፅ ብቻ። ያ ክርክር የዚያ ቤት ምሰሶ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው፤ ምሰሶውን የነቀልኩትም እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገር ብዬ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ዳቦ ጎረስኩበት።

ይባስ ብሎ አቋም ተገለባበጠ። ጋሼ ሉቃስ ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው፣ “ሰው እንዴት ሳይጠራ የሰው ቤት ይገባል? ሕግ የለም እንዴ?” ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት “ውጣ!” ሲሉ የኖሩት እትዬ ጽጌ ደግሞ እትዬ አስቴርን፣ “ይህን ሁሉ ቆፍራችሁ አሁን ጥላችሁን ልትሄዱ?” ይሏቸዋል።

በአራተኛው ቅዳሜ ጋሼ መኮንን ለምስክርነት ጠሩኝ። አራቱም ሳሎን ተቀምጠዋል። “ልጄ፣ እግዚአብሔርን ፈርተሽ ተናገሪ፤ የጠቡ ሥር ምንድን ነው?” አሉኝ። ሽንት ቤቱን እንዳልጠይቅ የምኖርበት ቤት ነው። ጋሼ ሉቃስን አየኋቸው፤ ጋራዡ ቀዝቅዟቸው ካፖርት ደርበው ተቀምጠዋል።

“አሜሪካ” አልኩ። “ስለ አሜሪካ ነው የሚከራከሩት። ጋሼ ትግባ ይላሉ፣ እትዬ ትውጣ ይላሉ። ሌላ ምንም የለም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የዚያን ቀን ዓረፍተ ነገሬን አልጨረስኩም።”

ጋሼ መኮንን ትንሽ አሰቡና፣ “ለነገሩ ብትገባስ ምን አለበት?” አሉ። እትዬ አስቴር ወደ ባላቸው ዞሩ። “እንዴት ምን አለበት? የማን ልጅ ነው የሚሞተው?” “አስቴር፣ ዝም ብሎ ማየትም እኮ ኃጢአት ነው!” “አንተ ዝም ብሎ ማየት መቼ ታውቅበታለህ? የእናቴን ጣሪያ ማን ጠግን አለህ? ይኸው እስከ ዛሬ ያፈሳል!” የሰው ትዳር ሲጠግኑ የኖሩት ሁለቱ ሰዎች ስለዚህ ጣሪያ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

ይህን ጊዜ ጋሼ ሉቃስ ተነሱና ጋሼ መኮንንን ወደ ጋራዥ ወሰዷቸው። እትዬ ጽጌ እትዬ አስቴርን አቅፈው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ጋሼ ሉቃስና እትዬ ጽጌ ኮሪደሩ ላይ ሲተላለፉ ጋሼ፣ “አየሽ? አንዳንዴ መግባት ግድ ነው” ሲሉ ሰማሁ። “መውጫህን አስቀድመህ አስብ” አሉ እትዬ። የዚያን ዕለት ሳህኑን አብረው አጠቡ፤ ፍራሹም ከጋራዥ ወጣ።

የዌሪቢዎቹ ግን እስካሁን አልታረቁም። ስለዚህ ጋሼ ሉቃስና እትዬ ጽጌ በሚመጣው ቅዳሜ ሊያስታርቋቸው ተነስተዋል። ማንም አልጠራቸውም። ሰበብ ግን አላቸው፤ ጋሼ መኮንን ነጠላ ጫማቸውን ረስተው ስለሄዱ መመለስ አለበት። ጋሼ ሉቃስ የራሳቸውንም አብረው በፌስታል ቋጥረዋል።

እኔም ከሰባት ዓመት በኋላ አቋም ይዣለሁ። ሳይጠሩ መግባት ልክ አይደለም። ቤት እየተቃጠለ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔም እሳቱን ራስህ አይተህ እንጂ አንዲት ዓይናፋር ልጅ ጀምራ በተወችው ዓረፍተ ነገር አይደለም። ይህን ደግሞ ጮክ ብዬ ልናገር ወስኛለሁ። ቅዳሜ ዌሪቢ ሄጄ ለአራቱም ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። አዎ፣ እኔንም የጠራኝ የለም። ነጠላ ጫማዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ፤ የቤታቸው ወለል ይቀዘቅዛል አሉ።