ሊቀ ሳተላይት አባቴ

በየቤተሰቡ መንገድ የማይጠይቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ሞት ራሱ መጥቶ “ተነሥ፣ እንሂድ” ቢለው “ወዴት ነው?” አይልም፤ “አውቀዋለሁ፣ ተከተለኝ” ብሎ ከፊት ይቀድማል። እናንተም ቤት አለ። አጎታችሁ ይሆናል፣ የእህታችሁ ባል ይሆናል፣ ወይም ያ ሁልጊዜ “አቋራጭ አለኝ” የሚለው የመሥሪያ ቤት ጓደኛችሁ። እኛ ቤት አባቴ ነው። ሌሎቹ ግን በባዶ እጃቸው ነው የሚያጠፏችሁ፤ የኛው መሣሪያ ታጥቋል።

አባቴ የአሳንሰር ጠጋኝ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ገመድ ሲፈትሽ፣ ግራሶ ሲቀባ፣ ሰው ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሯል። በዚያ ሥራ መሳሳት የሚቻለው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ ነው። ጡረታ በወጣ ሰሞን ወደ ጎን መሄድ አማረው። የሥራ ባልደረቦቹ “ምን እንሸልምህ?” ቢሉት፣ ተራራ ወጪዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን፣ በእጅ የሚያዘውን፣ ከሳተላይት አቅጣጫ የሚቀበለውን ጂፒኤስ መረጠ። ሳሙና የምታህል፣ ብርቱካናማ፣ አናቷ ላይ አጭር ቀንድ ያላት መሣሪያ ናት። እሷን አንገቱ ላይ ያጠለቀ ዕለት ስለ አባቴ “እሱ” ብሎ ማውራት አቃተኝ። ሊቀ ሳተላይት ሆኑ።

ሊቀ ሳተላይት ከቤት እንደወጡ ወዲያው መንገድ አይጀምሩም። መጀመሪያ ሰማይ መምጣት አለበት። ግቢው መሃል ቆመው መሣሪያዋን ወደ ላይ ከፍ ያደርጉና “ጠብቁ፣ ሰማዩ እየመጣ ነው” ይላሉ። ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ሰውነቴን ወረረኝ፤ ሰማይ የሚመጣ ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም ነበርና። አሁን ግን በካፊያ ውስጥ ቆሜ ብዙ ጊዜ ስለጠበቅኩት፣ ቢቀርም ግድ የለኝም።

ሰማዩ ከመጣ በኋላ ደግሞ ኮምፓሱ መስተካከል አለበት። መመሪያው መሣሪያዋን ደረት ላይ ይዞ በዝግታ መዞር ነው ይላል። ሊቀ ሳተላይት መመሪያ ያከብራሉ። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ የጎረቤት ልብስ ከተሰጣበት ገመድ ሥር፣ የተከበሩ ጡረተኛ ጥርሳቸውን ነክሰው ቀስ እያሉ ይሽከረከራሉ። ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አቁሞ በመስኮት ብቅ አለ።

“እትዬ፣ ጋሼ ምን ጠፍቷቸው ነው?” አላት እናቴን።

“ሰሜን” አለችው እናቴ፣ ሽንኩርት መላጧን ሳታቋርጥ።

“ውይ! እዚሁ ግቢ ነው የጠፋው?”

“ትናንት ድረስ ነበረ።”

የመሣሪያዋ ትልቁ ጥፋት እውነቷን መናገሯ ነው። የምትሄዱበት ቦታ በየት በኩል እንዳለ በቀስት ታሳያለች፤ በመሃል ቤት ይኑር፣ ገደል ይኑር፣ ጉዳይዋ አይደለም። የሊቀ ሳተላይትም ጉዳይ አይደለም። አክስቴ የታመመች ጊዜ ልንጠይቃት ስንሄድ፣ ወደ ሆስፒታሉ በር የሚወስደውን አስፋልት ትተው “ቀስቷ የምትለው በዚህ ነው” ብለው አንድ ጋራዥ ውስጥ ይዘውን ገቡ። ከጋራዡ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮው በተሰበረ አጥር ሾልከን፣ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ አንድ ግንብ ሥር ቆምን። ሊቀ ሳተላይት ግንቡን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና “ደርሰናል” አሉ። ደግሞም እውነታቸውን ነበር፤ አክስቴ ከማዶ ስትስል ይሰማናል። የመጠየቂያው ሰዓት እዚያው ግንብ ሥር አለቀ። አክስቴ ድና ከወጣች በኋላም ይህ ነገር አልወጣላትም። “አለመምጣት ያለ ነው” ትላለች። “መጥቶ ግንብ ጠይቆ መሄድ ግን ምን የሚሉት ንቀት ነው?”

መሄዱስ ይሁን፤ የሚያስለቅሰው መመለሱ ነው። መሣሪያዋ የተኬደበትን መንገድ በነጠብጣብ ትይዛለች፤ ሊቀ ሳተላይትም ሲመለሱ ከነጠብጣቡ ዝንፍ አይሉም። አንድ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ነፋስ ባርኔጣቸውን ነጥቆ ወዲያና ወዲህ አሯሯጣቸው። ስንመለስ ያንኑ ሩጫ፣ ባርኔጣው ራሳቸው ላይ ሆኖ፣ ከነጠመዝማዛው ደገምነው። ቀጥሎ ነጠብጣቡ አንድ ቁጥቋጦ ጀርባ ገባ።

“አባዬ፣ እዚህ እኮ ለራስህ ጉዳይ ነው የገባኸው።”

“መንገድ መንገድ ነው” አሉና ገቡ።

እናቴ ይህን ስትሰማ፣ “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር” አለች። “አሁን ሦስተኛ ተጨመረላቸው።”

ሰው መጠየቅማ የማይታሰብ ነው። ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ዘበኛ እጁን እያወናጨፈ “ጋሼ፣ በዚህ ነው መንገዱ! በዚያ ገደል ነው!” ብሎ ሲጮህ፣ ሊቀ ሳተላይት ባርኔጣቸውን አነሣ አድርገው “እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ዋል” ይሉና ወደ ገደሉ ይቀጥላሉ። “ጠፋን እኮ!” ብዬ የጮኽኩባቸው ቀን ቆመው በሐዘኔታ አዩኝ። “እኛ አልጠፋንም” አሉኝ። “መንገዱ ነው ቦታውን የለቀቀው።”

ይህን ሁሉ እያሳቅኩ አወራዋለሁ እንጂ እኔ ራሴ ከሳቅኩበት ቆይቻለሁ። አባቴ ስኳር አለበት። ባለፈው ወር ብቻውን ወጥቶ ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ስልኩም ዝም አለ። ስኳሩ ወርዶበት፣ ላብ አጥምቆት፣ የመንገድ ቦይ ዳር ተቀምጦ ያገኘው አሸዋ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ለስላሳ አጠጥቶ፣ ጋቢና አስቀምጦ አመጣልን። አባቴ ላቡ እንኳ ሳይደርቅ፣ ከበራችን ላይ ሆኖ ለሹፌሩ መውጫውን ያሳየው ነበር።

ታላቅ እህቴ ነርስ ናት። አልጮኸችም፤ እሷ የምታስፈራው ሳትጮህ ስትናገር ነው።

“ትንሽ ቢቆይ ሬሳውን ነበር የሚያመጡልን” አለችኝ። “እሱ የሚሰማው አንቺን ነው። እሁድ አብረሽው ውጪና መሣሪያዋን ተቀብለሽው ነይ። ከእንግዲህ በቃ፣ ቤቱ ይቀመጥ።”

“እምቢ ቢለኝስ?”

“አልቅሺበት። ቀብሩ ላይ ከምታለቅሺ አሁን አልቅሺ።”

እሁድ ጠዋት መኪናችንን ኮረብታው ግርጌ አቁመን ወጣን። ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦና ከረሜላ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ እህቴ ያስጠናችኝን ንግግር ይዣለሁ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር አባቴ “ቆይ፣ ነጥብ ልያዝ” እያለ አንድ ድንጋይ ይመዘግባል። እንዲህ እያልን ጉም ወረደ። ሁለት ቅርንጫፎች መሃል የሸረሪት ድር ጤዛውን አዝሎ፣ ሊበጠስ ደርሶ ሳይበጠስ ተንጠልጥሏል። ይህን የመሰለ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ቆምኩ። ቀና ስል አባቴ የለም።

“አባዬ!”

ጉሙ ድምፄን ዋጠው። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ወዲያው አንድ ነገር መጣብኝ፤ ዳቦውም ከረሜላውም እኔ ጋ ነው። አባቴ ኪስ ውስጥ ያለው ትርፍ ባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው።

ሮጥኩ፤ ተመለስኩ፤ ከየት እንደተመለስኩ ጠፋኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ተስፋ መቁረጥ ጨለማ ነው ሲባል እሰማ ነበር። ነጭ ነው። የገዛ መዳፍን እንኳ አያሳይም። አባቴ በዚህ ነጭ ውስጥ የሆነ ቦታ ላብ አጥምቆት ተቀምጧል፣ እኔም እዚህ ከረሜላውን ታቅፌ ተቀምጫለሁ እያልኩ፣ እህቴ እንዳዘዘችኝ አለቀስኩ።

ከዚያ የብዙ ሰው ድምፅ ሰማሁ። የማላውቃቸው ሰዎች፣ አባቴ ብቻ በሚጠራኝ ስም ይጣራሉ። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ጀሪካን ያዘለች ሴት ወጣች፤ ከኋላዋ ብስክሌት የሚገፋ ሰው፤ ከእሱ ኋላ አካፋ የያዙ የመንገድ ሠራተኞች።

“ይችውላችሁ! ሚጢጢ ይችው!” ብላ ጮኸች ሴትዮዋ። ከእግሬ እስከ ራሴ ስታየኝ ግን ፊቷ ተለወጠ። “ኧረ በስመ አብ! ሚጢጢ ሲሉን እኮ ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን መስላን ነው ሥራ ፈትተን የወጣነው!”

“አባቴ ነው የነገራችሁ?”

“ያልጠየቁት ሰው የለም” አለ ብስክሌተኛው። “በር እያንኳኩ ነው የጠየቁት። እኔን ስሄድም ስመለስም ጠይቀውኛል።”

አባቴ ከሁሉም ኋላ መጣ። መሣሪያዋ አንገቱ ላይ የለችም። ከንፈሩ ነጥቷል። ዳቦውን አጎረስኩት፣ ከረሜላውን ልጬ ሰጠሁት፤ አፉ ሞልቶ ሰዎቹን አንድ በአንድ አመሰገነ። እነሱ ሲሄዱ፣ ደሙም ወደ ፊቱ ሲመለስ፣ መሣሪያዋን ከኪሱ አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጣት።

“ለእህትሽ ስጪያት። አንቺን ካጠፋሁ ምን ትሠራልኛለች?”

የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ቃል ሳልናገር ተፈጸመ።

ቁልቁለቱን ጀመርን። አባቴ ከኋላዬ ነው፤ ከተወለድኩ ከኋላዬ ሄዶ አያውቅም። “እዚህ ጋ ልርገጥ?” ይለኛል። “ትንሽ ልቀመጥ?” ይለኛል። ጭራሮ የሚለቅሙ አንዲት አሮጊት አገኘንና “እናቴ፣ የመኪና መንገዱ በዚህ ይሆን?” አላቸው፤ መንገዱ ከበታቻችን ተዘርግቶ እየታየ።

“ዓይንህ አያይም እንዴ፣ ልጄ?”

“አያይም፣ እናቴ” አላቸው አንገቱን ደፍቶ።

መጥፋቱን ለምጄዋለሁ። ይህን ግን አልቻልኩትም። ዕድሜውን ሙሉ እምቢ ሲል የኖረ ሰው በአንድ ጠዋት ሲታዘዝ፣ ቤቱን እያስረከበ ያለ ይመስላል። እህቴ በሕይወት እንዲቆይላት የፈለገችው ይህን ሰው አልነበረም፤ እኔም የፈለግኩት ይህን አልነበረም።

የቀረው ጉምም ተገፈፈ። ከታች፣ በስተቀኝ፣ የመኪናችን ጣሪያ ፀሐይ ላይ አበራ። ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳታል። አባቴ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ ነበር። ፊቴን ወደ ግራ አዞርኩ።

“አባዬ፣ መንገዱ ጠፋኝ መሰለኝ።”

“እ?”

“ጠፋሁ። በየት ነው?” አልኩና መሣሪያዋን አንገቱ ላይ መልሼ አጠለቅኩለት።

“እህትሽስ?”

“እሷን ለእኔ ተዋት። ብቻህን ግን አትወጣም፣ አለቀ። ከእንግዲህ ስንቅ ያዥህ እኔ ነኝ።” ገና ያልመጡ እሁዶቼን ሁሉ፣ ከነካፊያቸው፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር እዚያው ቀበርኳቸው።

መነጽሩን አደረገ። ጀርባው ቀስ እያለ ቀና አለ። መሣሪያዋ ቀስቷን ወደ መጣንበት ዳገት ቀሰረች፤ “መኪና” የምትለዋን ነጥብ መያዝ ጠዋት ትዝ ያላቸው ዳገቱ አጋማሽ ላይ ነበርና፣ “ያው ነው፣ ቅርብ ነው” ብለው እዚያው መዝግበዋታል። ሊቀ ሳተላይት ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

“በዚህ ነው” አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ላይ እያመለከቱ። “ደግሞ ከእኔ አትራቂ።”

ስልኬ ኔትወርክ አግኝቶ ኪሴ ውስጥ ይጮህ ጀመር። እህቴ ናት። አላነሣሁትም። ዳገቱን ተያያዝነው፤ መኪናችን ከኋላችን እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች።