ዳዶዋስ ወጣች

ናዝሬት ውስጥ ብቻውን የሚቸገር ሰው አይቼ አላውቅም። ልቸገር ቢል እንኳ አይተዉትም። እስቲ የመኪና ጎማ ልትፈቱ መንገድ ዳር ቁጢጥ በሉ፤ አላፊ አግዳሚው ጉዳዩን ትቶ ይቆምላችኋል። መቆም ብቻ ቢሆን በስንት ጣዕሙ! «ቆይ እስቲ፣ አምጣው» ይልና ቁልፉን ከእጃችሁ ይወስዳል፤ እናንተም የገዛ ጎማችሁ ተመልካች ሆናችሁ ትቀራላችሁ። ሌላው ሲታገል እጅን አጣጥፎ ማየት እዚህ ነውር ነው። ይህን ጠባያችንን ስወደው ኖሬያለሁ። አሁን ግን ምርር ብሎኛል፤ ምክንያቱን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ንጉሤ ጊታር መቺ ነበር። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ እሱ ያልተጫወተበት ሰርግ ጥቂት ነው። ዓለም ጤና ላይ መብራት ቢጠፋበት ከሽንኩርት ጫኝ መኪና ባትሪ ስቦ ሙሽሮቹን አስጨፍሯል ይባላል፤ ይባላል ነው ያልኩት፣ የሚለውም እሱ ራሱ ነው። ያለፈው ክረምት ስትሮክ ግራ ጎኑን መታው። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ የግራ እጁ ጣቶች ግን እምቢ አሉ። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ሴት «ጣቶችዎን በሚወዱት ነገር ያሠሯቸው፤ አለዚያ እንደዚሁ ደርቀው ይቀራሉ» አለችው። የሚወደው ደግሞ አንድ ነገር ነው። ያ አሮጌ ቀይ ኤሌክትሪክ ጊታር ከቁም ሳጥን አናት ላይ ወረደ።

ወርዶስ? ስንት ዓመት ሙሉ የናዝሬት ሙቀት ሲጠብሰው የኖረው አንገቱ ጎብጧል፤ ክሮቹም ከእንጨቱ ርቀው ሽቅብ ተገትረዋል። የጤነኛ ሰው ጣት የሚያደማ ነገር የጋሼ ጣት እንዴት ይጫነው? ሞከረ፤ እንደገና ሞከረ። ከዚያ ጊታሩን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስደገፈውና «በቃ፣ ሁለታችንም አርጅተናል» አለ። ጋሼ «በቃ» ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። በጊታሩ አንገት ውስጥ ለውስጥ የብረት ዘንግ አለ፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ሚጢጢ ዳዶ ስታጠብቋት ዘንጉ አንገቱን ያቀናዋል፣ ክሮቹም ዝቅ ይላሉ። ዳዶዋ ግን ማን ሲነካካት እንደኖረ እንጃ፣ ማዕዘኖቿ ተበልተው ክብ ሆናለች፤ ቁልፍ አይዛትም። ወጥታ በሌላ መተካት አለባት። ጊታሩን በረንዳ ላይ አወጣሁና በቀጭን ሞረድ ቁልፍ የሚይዘው ጠርዝ እሠራላት ጀመር። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን እየሆነልኝ ነበር። እየሆነልኝ ነበር እኮ!

በረንዳችን ደግሞ ለመንገድ ግልጥ ነው። መጀመሪያ ሐጂ ሰይድ ገቡ፤ ጎረቤታችን ናቸው፣ የወሎ ሰው፣ ዕድሜያቸውን በአይሱዙ ጭነት ላይ የጨረሱ። «ምን ሆነህ ነው እንዲህ ላብ በላብ የሆንከው?» አሉ። ነገርኳቸው። «አይ ልጄ፣ ይኼማ ፒንሳ ነው የሚፈልግ። ወዲህ በለው!» ፒንሳቸው የአይሱዙ ነው። የደከምኩበትን ጠርዝ በአንድ ጥምዘዛ ላጩት። ይተዉ አይባሉ ነገር፣ ጋሼን በዚያ ክፉ ቀን ተሸክመው ሆስፒታል ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ያልሞከረ የለም፤ አንዱ በመዶሻ፣ አንዱ በካቻቢቴ፣ አንዱ በጥርሱ ሊሞክር ሲል ያዝነው። ሁሉም ጋሼን ይወዱታል፤ ሁሉም በሰርጋቸው በጊታሩ ጨፍረዋል። ባይወዱት ኖሮ ዳዶዋ በተረፈች።

በመጨረሻ ቶሎሳ መጣ፤ ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ የሚበይድ የደራ ከተማ ሰው ነው። አየት አደረጋትና ሳቀ። «ረኮ ሂንቀቡ! ችግር የለውም! እኛ የተበላ ዳዶ የምናወጣው ሌላ ዳዶ በላዩ በይደን ነው።» ልክ ነው፤ ለባጃጅ ልክ ነው።

«ቶሌ፣ ይኼ እኮ እንጨት ነው!» አልኩት።

«እርጥብ ጨርቅ ይጠቀለልበታላ!» አሉኝ ሁሉም በአንድ አፍ። ጊታሩ ከጭኔ ላይ ተነሥቶ መንገድ ሲሻገር አየሁት። እኔም እንደ ማንኛውም ተመልካች ከኋላ ተከተልኩ።

ብልጭ አለ። ወዲያው የተቃጠለ ቀለም ሸተተን፤ ቀጥሎ አንገቱ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ቶሎሳ ግን ቁልፉን አስገብቶ ሲያዞር ዳዶዋ ያለ ምንም ግርግር ተፈትታ መጣች። «ወጣች!» አለ። ጭብጨባው! ሐጂ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ፤ አንዱ አቅፎ ሳመኝ። የጊታሩን አንገት ያየው የለም። ጫፉ ከስሏል፤ እንጨቱም ከዘንጉ ተላቆ እስከ መሐሉ ተሰንጥቋል። ማንን ልቆጣ? አንድ ክፉ ሰው እንኳ መሐላቸው ባገኝ እፎይ ባልኩ ነበር።

ተያይዘን ወደ ጋሼ ገባን።

«ወጣች?» አለ።

«ወጣች።»

«ጊታሩስ?»

አስጠጋሁለት። ክንዴ ላይ ያለውን አየው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ምን ነበረበት! «እስቲ ዳዶዋን» ብሎ ግራ እጁን ዘረጋ። ገና ለብ ትላለች። ጣቶቹ ሊጨብጧት ሲሞክሩ ሾልካ ወለሉ ላይ ወደቀች።

ይኼኔ ምን ያደረግን ይመስላችኋል? ሁላችንም ጎንበስ! «ቆይ እኔ»፣ «ተው እኔ ላንሳለት» ስንባባል ሐጂና ቶሎሳ ግንባር ለግንባር ተጋጩ።

«ተዉኝ!» ብሎ ጮኸ ጋሼ። «ዛሬ እንኳ፣ እባካችሁ፣ ተዉኝ!»

ተውነው። ከወንበሩ ቀስ ብሎ ወረደና በዚያች እጁ ወለሉን ይዳስስ ጀመር። ይነካታል፣ ትሸሸዋለች፣ ይከተላታል። እኔ እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ ብብቴ ሥር ወሸቅሁት። ሐጂ ማየት አቅቷቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሰው ሲታገል ቆሞ ማየት ይህን ያህል እንደሚያምም አላውቅም ነበር፤ ለካ ከእጁ የምንነጥቀው ለእሱ ብለን አይደለም።

ዳዶዋ ተንሸራትታ አልጋው ሥር ገባች። ጋሼም በደረቱ ተከተላት።